በየሺሃረግ ስም የተወጋ ክንድ

ሃኖቨር፣ ጥቅምት 9 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሽ ሀብተ ማርያም፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የቤትዎን ጤና እጠይቃለሁ። ክረምቱ አልፎ የቦንጋ ጭቃ እንደጠነከረ፣ ጉልበትዎም ዳገቱን እንደቻለው ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል እሠራለሁ፣ እተኛለሁ፣ እነሣለሁ ማለቴ ነው።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ጻፈች ብለው እንደሚገረሙ አውቃለሁ። እናቴ ያለችበት መንደር፣ ማንኪራ ላይ፣ ስልኩ ይቆራረጣል። ባይቆራረጥም እናቴ ድምፁን ከፍ አድርጋ ይዛው ጎረቤቱ ሁሉ ይሰማል። «ደህና ነሽ? ደህና ነኝ» ተባብለን እንዘጋለን። ስምንት ዓመት ያወራነው ይኸንኑ ነው። እርስዎ የእናቴ የአጎት ልጅ ነዎት፣ አስተማሪም ነበሩ። እሷ ማንበብ የማትችለውን አንብበው በእኛው ቋንቋ በካፊኖኖ ይነግሩልኛል። እኔም ወረቀት ላይ ስሆን የምዋሸው ትንሽ ይመስለኛል።

የምሠራበትን ቤት ነግሬዎ አላውቅም። የአረጋውያን መኖሪያ ነው። አርባ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ባለፈው የዚህ አገር የብርድ ወራት አሥራ አንዱ ሞቱ። ሁሉም በኮሮና፣ ትንፋሽ አጥሯቸው። ክትባቱ ከመምጣቱ በፊት ነው። የእኔ ሥራ መስኮት መክፈት፣ ትራስ ከፍ ማድረግ፣ ውጭ ለቆሙት ልጆቻቸው በመስታወቱ በኩል እጅ ማውለብለብ ነበር። ከዚያ ሁሉም ተከተቡ። ባለፈው ወር በሽታው ተመልሶ ሦስቱን ያዘ፤ ሦስቱም ተነሡ። አንዷ በአምስተኛው ቀን «ሾርባው ጨው የለውም» ብላ ተቆጣችኝ። ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ አለቀስኩ።

እናቴ ስልሳ ሰባት ዓመቷ ነው። ደረቷን እርስዎም ያውቁታል፤ ያ የጭስ ሳል ከልጅነቴ ጀምሮ አለ። ክትባቱ ማንኪራም ሊደርስ ነው ብለው ነግረውኝ ነበር። አደራ እንድትከተብ ያድርጉልኝ። እኔ ብጠይቃት እሺ ትላለች። እናቴ እምቢ ብላኝ አታውቅም። የምፈራውም እሱን ነው፤ እሺ ማለቷ ማድረጓ ላይሆን ይችላል።

የሚያስፈልግዎን ነገር ይጻፉልኝ።

አክባሪ ልጅዎ፣
ፀደንያ


ቦንጋ፣ ኅዳር 24 ቀን 2014 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለፀደንያ ገሠሠ፣

በሰው አገር የሚጠብቅሽ አምላክ ይክበር። እኛ በሕይወት አለን። ጉልበቴን ስለጠየቅሽ፣ ዳገቱን ትቼ በባጃጅ እሄዳለሁ፤ ባጃጁም ዳገቱ ላይ ሲደርስ ውረዱና ግፉ ይለናል።

ከተማችን የክልል መቀመጫ ሆናለች። የቤት ኪራይ በአንድ ሳምንት ጨመረ። በየቢሮው በር ላይ የአዲሱ ክልል ስም የተጻፈበት ጨርቅ ተሰቅሏል፤ ከጨርቁ ሥር የሚያስነጥሰው ግን የድሮው ሰው ነው። ማስክ ያደረገ ሲታይ «ምን ሆነህ ነው?» ይባላል።

ክትባቱ ማንኪራ ደርሷል። አንድ ጊዜ ብቻ የሚወጋው ዓይነት ነው። ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ፣ ሦስት ቀን። ቀበሌው ስም ጥራልን ብሎኝ ሄጄ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ስም ስጠራ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ይመስለኛል። ቀፎ ሰቃዩ ደጉ ወረፋው ላይ ቆሞ፣ «ጋሼ፣ እኔን በቀን ሃያ ንብ ይወጋኛል፤ የእናንተ አንዷ መርፌ ምን ትጨምርልኛለች?» አለኝ። ነርሷ ሰብሌ ከእኔ ቀድማ፣ «ንቧ ካርድ ትሰጥሃለች?» አለችው። ሁሉም ሳቀ። እሱም እየሳቀ እጅጌውን ሰበሰበ። መርፌው ሲገባ ዓይኑን ጨፈነ፤ ይህን ለማንም አልተናገርኩበትም።

የእናትሽ የእትዬ የሺሃረግም ስም ተጠርቷል። ካርዳቸው ተጽፎ እኔ ዘንድ ተቀምጧል። ሐሳብ አይግባሽ።

የሚያስፈልገኝ የማንበቢያ መነጽር ነው። ቁጥሩን ከኋላ ጽፌልሻለሁ። የደብዳቤሽ ፊደል ደቃቅ ሆኖብኝ ለእናትሽ ሳነብ እየገመትኩ ነው።

አጎትሽ፣
ሀብተ ማርያም


ቦንጋ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2014 ዓ.ም.
(ሳይላክ የቀረ)

ልጄ ፀደንያ፣

ባለፈው የጻፍኩልሽ ደብዳቤ ውስጥ ውሸት የለም። ደግሜ በልቤ አነበብኩት፣ አንድም ውሸት የለበትም። ስማቸው ተጠርቷል። ካርዳቸው ተጽፏል። ካርዱ እኔ ዘንድ ነው። እንዲህ አድርጌ ዓረፍተ ነገር መሥራት ከየት ተማርኩ እያልኩ ነው ሰሞኑን።

የሆነውን ልንገርሽ። ሁለተኛው ቀን ነው። ሰብሌ ወደ ሌላ መንደር ሄዳ ሌላ ነርስ ተቀምጣለች፤ የሰፈሩን ሰው አታውቅም። መዝገቡን ይዤ «የሺሃረግ ኃይለመስቀል» ብዬ ጠራሁ።

«አለሁ» አለች ባፈና።

የእናትሽን ጎረቤት ባፈናን ታስታውሻታለሽ፤ ባሏ የሞተባት፣ ጮክ ብላ የምትስቀው። እሷ ከዚያ በፊት ባለው ቀን በገዛ ስሟ ተከትባለች። የጠራኋት እኔ ነኝ። ቀና ብዬ አየኋት። እሷም አየችኝ። አጠገቧ ስትደርስ ዝቅ ባለ ድምፅ «ትናንት በግራ ነበር፣ ዛሬ በቀኝ ይሁን» አለችኝ። እንደ ቀልድ። ነርሷ አልሰማችም። እኔ እርሳስ ይዣለሁ።

ምልክቱን አደረግሁ።

ምክንያት አለኝ ልበልሽ? ሳስተምር በቡና ለቀማ ወራት ግማሹ ክፍል ባዶ ይሆናል። የቀረውን ልጅ ስም ስጠራ ጓደኛው «አለሁ» ይላል። ድምፁን አውቃለሁ። አውቄ ምልክቱን አደርጋለሁ፤ ልጁ እንዳይባረር ብዬ። ደግነት ነው ብዬ ነበር የማስበው። ሠላሳ አንድ ዓመት እንደዚያ ያደረገ እጅ ሲለምድበት አይጠይቅም።

ከዚያ ወደ እናትሽ ሄድኩ። ማድረቂያ አልጋው ላይ ቡናቸውን እያገላበጡ ነበር።

«እትዬ፣ ምነው ቀሩ?»

«የት?»

«ስምዎ ተጠርቶ ነበር።»

«ታዲያ ሰው ልኬ የለ?»

እንዴት አድርጌ እንዳስረዳቸው ቸገረኝ። እዚህ አገር ደቦ ሲጠራ ያልቻለ ሰው ጎረቤቱን ይልካል፤ የቀበሌ ስብሰባም እንደዚያው፤ ስም ሲጠራ የተላከው አለሁ ይላል፣ ያልመጣው እንደመጣ ይቆጠራል። ማንም አኩርፎ አያውቅም።

«እትዬ፣ ይኼ እኮ ደቦ አይደለም፤ መድኃኒቱ የሚገባው የራስ ሥጋ ውስጥ ነው» አልኳቸው።

«እሱንማ አውቃለሁ። ለዚህ ነው ሰው የላክሁት።»

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ቡናውን ማገላበጥ ትተው እጃቸውን ጠረጉ። «ገሠሠ መርፌ በተወጋ ቀን ነው የሞተው» አሉኝ። «ልጅቱ ናት ካልታከመ ብላ አልቅሳ ያስወሰደችው። ዐሥረኛ ክፍል ነበረች። እኔ አይሄድም ባይ ነበርኩ። አሁን መርፌ አልወጋም ብል ለምን ትለኛለች። ምን ልበላት? አንቺ ያስወሰድሽው ጊዜ ልበላት?»

ባፈናን የላኩት ለዚህ ነው። እምቢ እንዳይሉሽ።

የአባትሽ ሳንባ አስቀድሞ ተጎድቶ እንደነበር ሐኪሙ ነግሮኛል፤ ሰዓት አልፎበት ነበር የደረሰው። ይህን ለእናትሽ ያን ጊዜም ነግሬያቸዋለሁ። ሰሙኝ። ተቀበሉኝ ማለት ግን አይደለም።

ባፈና ሁለቱም ክንዷ አብጦ ሦስት ቀን ቡና ሳትለቅም ቀረች። እናትሽ ለቀሙላት።

ይህን ነገ ፖስታ ቤት እወስደዋለሁ።


ሃኖቨር፣ የካቲት 2 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሽ ሀብተ ማርያም፣

ጤናዎ እንደ ልቤ ምኞት ይሁን። ደብዳቤዎ የደረሰኝ በገና ማግስት ነው። ቁሜ አነበብኩት፣ ተቀምጬ ደገምኩት። መነጽሩን ልኬያለሁ፤ ሁለት ነው፣ አንዱ ቢሰበር ብዬ።

ምን እንዳደረጉልኝ ላያውቁ ይችላሉ። ሥራ ላይ አሮጊቶቹን ስይዝ ሁልጊዜ የእሷን ክንድ የያዝኩ ይመስለኝ ነበር። አንዷ ስትስል ልቤ ማንኪራ ይሄዳል። አሁን ሲስሉ የእነሱ ሳል ብቻ ይሰማኛል። እንቅልፌም ተመልሷል።

አንድ ነገር ልጨምር። ክትባቱ አጥር አይደለም፤ በሽታው ሲገባ ሰው ቆሞ እንዲጠብቀው የሚያደርግ ነው። ስለዚህ ጉንፋን የያዘው ሰው እሷ ዘንድ እንዳይገባ፣ እሳት ስታነድ በሩን ከፍታ እንድትተው፣ ገበያ ስትወጣ አፍና አፍንጫዋን እንድትሸፍን ይንገሩልኝ። እኛ እዚህ ዘንድሮ ከብርዱ ወራት በፊት እንደገና ተወጋን፤ ክንዴን ሁለት ቀን አሞኛል። ደስ የሚል ሕመም ነው።

የካርዷን ቁጥር ይጻፉልኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። በእጅዎ ተጽፎ ማየት ፈልጌ ነው።

ፀደንያ


ቦንጋ፣ ሐምሌ 19 ቀን 2014 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለፀደንያ፣

አምላክ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ። አምስት ወር ሳልመልስልሽ ቀረሁ። ዝናቡ ነው፣ ፖስታ ቤቱ ነው፣ ጉልበቴ ነው። ከሦስቱ የፈለግሽውን ውሰጂ።

መነጽሩ ደርሶኛል። ከሚገባው በላይ ያሳያል።

ያልሽውን ለእናትሽ ነግሬያለሁ። በሩን ከፍተው ያነዳሉ። ከሣጥን ውስጥ ነጭ ነጠላ አውጥተው ገበያ ሲወጡ አፋቸው ላይ ያደርጋሉ፤ ሴቶቹ «ማንን ልታገቢ ነው?» ይሏቸዋል። «የሚመጣልኝ ካለ እሱም ይሸፍን» ብለው መለሱ። ለነገሩ ሁሉ እሺ ብለዋል፤ ይህን ልብ በይልኝ።

ቁጥሩን ከሥር ጽፌልሻለሁ። በካርዱ ላይ ያለው ቁጥር ነው።

ለእኔ ምንም አትላኪ።

ሀብተ ማርያም


ሃኖቨር፣ ኅዳር 6 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሽ ሀብተ ማርያም፣

ሰላምታዬ ከነናፍቆቱ ይድረስዎ። ዜናዬ አጭር ነው። በጥር እመጣለሁ። ዐሥራ ሁለት ቀን ፈቃድ ሰጥተውኛል። ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል።

ልምጣ አልምጣ እያልኩ ሁለት ዓመት ቆይቻለሁ። ከዚህ ቤት ወጥቼ፣ ስንት አየር ማረፊያ አልፌ፣ የስንቱን ትንፋሽ ተሸክሜ እሷን መሳም ያስፈራኝ ነበር። ባትከተብ ኖሮ ዘንድሮም አልመጣም ነበር። ይህን ለእርስዎ ብቻ ነው የምጽፈው፤ ለእሷ አያንብቡት።

እንዲገዛልኝ የምፈልገው ነገር የለም። በግም እንዳይታረድ። እሷ ብቻ ቤት ትሁንልኝ።

ፀደንያ


ቦንጋ፣ የካቲት 3 ቀን 2015 ዓ.ም.

ልጄ ፀደንያ፣

ዛሬ ስለ ጤናሽ አልጠይቅም። የምጠይቅበት ፊት የለኝም።

የመምጣትሽ ደብዳቤ በታኅሣሥ ደርሶኝ ነበር። «ባትከተብ ኖሮ አልመጣም ነበር» የሚለውን በላክሽልኝ መነጽር አነበብኩት። ሃያ ሦስት ቀን ነበረኝ። አንድ ስልክ ይበቃ ነበር። እናትሽ ግን ግድግዳቸውን ምርጊት አስመርገው፣ አልጋቸውን ወደ መስኮት አስጠግተው፣ ባየኋቸው ቁጥር «ስንት ቀን ቀረው?» ይሉኛል። እንዴት አትምጪ ልበልሽ። ደግሞም፣ እውነቱን ልናገር፣ አትምጪ ካልኩሽ ለምን ትዪኛለሽ።

በስልክ ጉንፋን ነው ያልኩሽ ጉንፋን አይደለም። አንቺ በሄድሽ በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ያዛቸው። በአምስተኛው ቀን ከአልጋ ወደ በር ሲሄዱ ቁጭ አሉ። ደጉና ሌሎች አራት ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው መንገዱ ድረስ አወጧቸው፣ ከዚያ በመኪና ወደ ሆስፒታል። ኦክስጅን ተደርጎላቸው ዘጠኝ ቀን ተኙ። አሁን ወጥተው እኔ ቤት ናቸው። አይሞቱም አሉኝ ሐኪሞቹ። ሳንባቸው ግን እንደ ድሮው አይሆንም።

ሐኪሙ «ተከትበዋል?» ብሎ ጠየቀኝ። ካርዱ ኪሴ ውስጥ ነበር። እናትሽ አፋቸው ላይ ያለውን የኦክስጅን ጭንብል በእጃቸው ገፋ አድርገው «አልተከተብኩም» አሉ። ከእኔ ቀድመው።

እንግዲህ አወቅሽው። ከዚህ ጋር አንድ ያረጀ ደብዳቤ አለ። ከአንድ ዓመት በፊት ጽፌው መሳቢያ ውስጥ የከተትኩት ነው። ነገሩ ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ፣ የአባትሽም ነገር። አንብቢው። ከዚያ በኋላ ልትጽፊልኝ አይገባሽም፤ ብትጽፊም የፈለግሽውን ጻፊ።

ጣት ላይ የሚደረግ የኦክስጅን መለኪያ አለ አሉ። እሱን ላኪልኝ። ለእሳቸው ነው።

ሀብተ ማርያም


ሃኖቨር፣ ሰኔ 14 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለጋሽ ሀብተ ማርያም፣

መለኪያው እንደደረሰ ሰምቻለሁ። ቁጥሩን በየቀኑ በስልክ ስለሚልኩልኝ አመሰግናለሁ። ዘጠና፣ ዘጠና አንድ፣ ሰማንያ ዘጠኝ። አራት ወር በቁጥር ስንነጋገር ቆየን።

መጀመሪያ የጻፍኩልዎ ደብዳቤ ሁለት ገጽ ነበር። ሁለቱም ገጽ እርስዎ ላይ ነበር። እናቴን ገደሏት ለማለት ምንም አልቀረኝም ነበር። ጨርሼ ስሜን ልፈርም ስል እጄ ቆመ። ቀደድኩት። እንደገና ጻፍኩ፣ እንደገና ቀደድኩ። ስሜ ላይ ስደርስ ነው ሁልጊዜ የምቆመው። ለምን እንደሆነ ልንገርዎ።

አዲስ አበባ የደረስኩ ቀን ጉሮሮዬን ከረከረኝ። ጠዋት ነው። አውሮፕላኑ ውስጥ ያለው ብርድ ነው አልኩ። ሻንጣዬ የጎን ኪስ ውስጥ የበሽታው መመርመሪያ ነበረኝ፣ ከሥራ ያመጣሁት፤ አፍንጫ ውስጥ አስገብቶ ሩብ ሰዓት መጠበቅ ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ የማደርገው ነገር ነው፤ ዓይኔን ጨፍኜ እችለዋለሁ። ኪሱን ከፈትኩት። ዘጋሁት።

ይዞሻል የሚለውን ሁለት መስመር ቢያሳየኝ ዐሥራ ሁለት ቀኔ እዚያው ክፍል ውስጥ ያልቃል። ካላየሁት ግን ብርድ ነው። እንዲህ ነው ያሰብኩት። እኔ፣ አሮጊቶቹ ክፍል ያለ ማስክ የገባን ዘመድ የምቆጣው ሰው።

ደግሞም ተከትባለች አልኩ። እርስዎ የጻፉልኝን ዓረፍተ ነገር ይዤው ገባሁ። እርስዎ ባይጽፉት ኖሮ መመርመሪያውን አወጣ ነበር? ስንት ጊዜ ጠየቅሁ። አወጣ ነበር ብዬ መማል እፈልጋለሁ። አልችልም።

በሩ ላይ ሳመችኝ። አንገቴን፣ ዓይኔን፣ እጄን። ዐሥር ቀን በአንድ ጋቢ ተኛን። ሁለተኛው ቀን ላይ ስስል «አቧራው ነው» አልኳት። «መንገዱ አቧራ ነው» አለችኝ። ጥር ነው፣ እውነትም አቧራ ነበር።

ስለ አባቴ ያነበብኩትን እስካሁን ከልቤ ማውረድ አልቻልኩም። ዐሥረኛ ክፍል ሆኜ ያለቀስኩትን ለቅሶ አስታውሰዋለሁ። ሃያ ዓመት ልትነግረኝ ያልፈለገችውን ነገር ተሸክማ፣ እኔን ላለማስከፋት ሌላ ሰው አስወጋች። እኔ ደግሞ ላያት ስለቸኮልኩ ከእኔ አላዳንኳትም።

አንድ ነገር ልለምንዎ። ይህን ደብዳቤ ያንብቡላት። ሁሉንም። በሽታውን ያመጣሁት እኔ እንደሆንኩ፣ ሳውቅ እንዳላወቅሁ እንደሆንኩ። ወደ ካፊኖኖ ሲመልሱት ምንም አይቀንሱ። መቀነስ እንደሚችሉበት አውቃለሁ።

ፀደንያ


ቦንጋ፣ መስከረም 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለፀደንያ፣

አዲሱ ዓመት ትንፋሽ የሚሰጥ ዓመት ይሁንልን። ሌላ ምርቃት አልመጣልኝም።

እናትሽ ከእኔ ጋር ናቸው። ማንኪራ መመለስ አልቻሉም፤ ዳገት አይወጡም። ቡናቸውን ባፈና ትለቅመዋለች። ቅዳሜ ቅዳሜ መጥታ ከበሩ ውጭ ተቀምጣ ወሬ ታወራቸዋለች። ሳል ያላት ቀን ከአጥሩ ማዶ ቆማ ትጮኻለች፤ ጎረቤት የተጣሉ ይመስለዋል። ከአልጋ እስከ በር ሲሄዱ አንዴ ያርፋሉ። ዘጠና ሁለት ነው ዛሬ።

ደብዳቤሽን አነበብኩላቸው። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ፤ ማንበቡ ሳይሆን መጀመሩ። ምንም አልቀነስኩም። «ሳውቅ እንዳላወቅሁ ሆንኩ» የሚለው ላይ ስደርስ በካፊኖኖ እንዴት እንደምለው ጠፋኝና ሁለት ጊዜ አልኩት።

ከዚያ ያሉትን እንዳሉት ልጻፍልሽ።

«ስትስመኝ ግንባሯ ይፋጅ ነበር። አቧራ ሰውን ያተኩሳል እንዴ? አውቄያለሁ። ያልተወጋሁትም እኔው፣ የማውቀውም እኔው። ልጄ፣ ራቅ በይ ብላት ኖሮ ለምን ትለኛለች። አለመወጋቴን ልነግራት ነው። ነግሬያት ደግሞ አዝና ትሄዳለች። ዘጠኝ ዓመት ቆይታ የመጣችን ልጅ።» ትንፋሽ ወሰዱ። «አባቷን መርፌው እንዳልገደለው አውቃለሁ በላት። ያን ጊዜም አውቅ ነበር። የምቆጣው ነገር ፈልጌ ነው።»

ሦስታችንም ያው አንድ ጥያቄ ነበር የፈራነው።

ነሐሴ ላይ የክትባቱ ዙር ተመልሶ ወደ ከተማችን መጥቶ ነበር። አልጠየቅኋቸውም፤ እሳቸው ናቸው ባጃጅ ጥራልኝ ያሉኝ። ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆየሁ፣ አልገባሁም። ከውስጥ ድምፃቸው ይሰማኝ ነበር። ነርሷ «ከዚህ በፊት ተወግተዋል?» ስትላቸው «በሰው ክንድ» አሉ። ልጅቷ አልገባትም። አስረዷት። በተሰባበረ አማርኛቸው፣ እያረፉ፣ ከባፈና ጀምረው ሁሉንም። ወረፋው ላይ ያለው ሰው ሰማ። አንድ ሰውዬ ሳቀ፤ አንዲት ሴትዮ ግን አልሳቀችም፣ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች።

ነርሷ ስትሸኛቸው እንደ አንቺ ነው ያለችው። ይህ ሁሉንም አይከለክልም፣ ከሆስፒታል ግን ያድናል፤ ሳል ያለበትን ሰው ይራቁ። «ልጄ በጥር ትመጣለች» አሏት። ትመጫለሽ ወይ ብዬ የምጠይቅበት አፍ የለኝም። እሳቸው ግን እንደሚሆን ነገር ነው የሚያወሩት።

ሀብተ ማርያም


አዲስ አበባ፣ ጥር 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሽ ሀብተ ማርያም፣

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎ የቦንጋው አውቶቡስ ሾፌር ነው፣ ሚሊዮን ይባላል። ፖስታውን መስኮት ላይ አስቀምጬለት ራቅ ብዬ ነው የሰጠሁት። «ምን ሆነሽ ነው?» አለኝ። «አሞኛል» አልኩት። አፌ እንዲህ ቀላል ነገር ለማለት ስንት ጊዜ ፈጀበት።

ቅዳሜ ገባሁ። ለቦንጋ የእሑድ ጠዋት መኪና ይዤ ነበር። እሑድ ስነሣ ጉሮሮዬ ደረቀ። ዘንድሮም ክትባቱን በጊዜው ወስጃለሁ፣ አውሮፕላን ውስጥም ማስኬን አላወለቅሁም፤ ሆኖም ያዘኝ። እኔን አይጥለኝም፤ እንደ ጉንፋን ነው። ለእሷ ምን እንደሚሆን ግን ሁለታችንም አይተናል። መመርመሪያውን አውጥቼ ሩብ ሰዓት ጠበቅሁ። ሁለት መስመር አየሁ። ለእንግዳ ማረፊያው ሴትዮ ነገርኳት፤ ምግቤን በር ላይ ታስቀምጥልኛለች፣ ከበሩ ማዶ ሆና ስለ ልጆቿ ታወራኛለች።

በስልክ ያልነገርኳት ለምን እንደሆነ ይገባዎታል። ድምፄን ከሰማች «ነይ፣ ምን አባቱ» ትለኛለች። እሄዳለሁ። እኔ ራሴን አውቀዋለሁ፤ እዚህ ስልኩን አጥፍቼ የተቀመጥኩት ጀግና ሆኜ አይደለም።

መስኮቱ ወደ መናኸሪያው ያያል። የቦንጋ መኪና ሲወጣ አየዋለሁ። በቀን ሁለት ነው። ባለፈው ዓመት እነዚህን ቀኖች ብሰጣት ኖሮ ዛሬ እሷ ዳገቱን ትወጣ ነበር እያልኩ እቆጥራለሁ። ቁጥሩ ምንም አይመልስም፤ ግን እቆጥራለሁ።

እሷ በሩ ላይ ወንበር አስወጥታ እንደምትጠብቀኝ አውቃለሁ። እባክዎ አውሮፕላኑ ዘገየ እንዳይሏት። መንገድ ተዘጋም አይበሏት። አዲስ አበባ ናት፣ በሽታው ይዟታል፣ ስለዚህ አልመጣችም ይበሏት። ብታለቅስም አይጨምሩበት። ብትቆጣ ትቆጣኝ።

ሐኪሙ ዐሥር ቀን ብሎኛል፣ ቤት ውስጥ የደከመ ሳንባ ስላለ። ከዐሥራ ሁለቱ ሁለት ይተርፈኛል። አንዱ ቀን የመምጫ ነው፣ አንዱ የመመለሻ። መሐሉ ላይ አንድ ምሽት አለ። ለእሱ እመጣለሁ።

ፀደንያ